ከአንድ ትሪ የተበላን ምግብ መለካት

ስለ ምግብ የምንሰማው ምክር ብዙ ነው፤ ጨው ቀንሱ፣ ቅባት አሳንሱ፣ ጥራጥሬ አዘውትሩ እንባላለን። ከእያንዳንዱ ምክር በስተጀርባ ግን አንድ ሰው ሌላውን ሰው «ምን በላህ? ምን ያህል በላህ?» ብሎ የጠየቀበትና መልሱን የመዘገበበት ቅጽ አለ። ቅጹ ከተሳሳተ ምክሩም ይሳሳታል። ዛሬ የማስረዳው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሰው የበላውን መርሳቱ በአመጋገብ ምርምር ውስጥ የታወቀ ችግር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ግን መለኪያው ለአንድ ዓይነት ገበታ ታስቦ ተሠርቶ ለሁሉም ገበታ መዋሉ ነው። ስለዚህ ምርምሩን ማሻሻል የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ መለኪያውን ከተጠያቂው ማዕድ ጋር ማስማማት፣ ቀጥሎም መልሱን ከሰውነት በሚገኝ ማስረጃ መፈተሽ አለበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጋገብን ለመለካት በብዛት የሚሠራባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ጠያቂው ተጠያቂውን ያለፈውን ሃያ አራት ሰዓት እያስታወሰ የሚያስቆጥርበት ነው። ሌላው ሰውየው ራሱ የሚበላውን ለጥቂት ቀናት በማስታወሻ የሚይዝበት ነው። በትልልቅ ጥናቶች ዘንድ የተለመደው ግን የድግግሞሽ መጠይቅ ነው፤ የምግቦች ዝርዝር ይቀርብና «ባለፈው ዓመት ይህን ስንት ጊዜ በላችሁ?» ይባላል። በአሜሪካ ከታወቁት የዚህ ዓይነት መጠይቆች አንዱ ከኦክላንድ ጎረቤት ከበርክሌ ጋር የተያያዘ ነው። ግላዲስ ብሎክ መጠይቁን በ1980ዎቹ በብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሳሉ አዘጋጁት፤ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ ፕሮፌሰር ሆኑ። ዝርዝሩን በግምት አላወጡትም። በአገር አቀፍ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት ከ11,000 በላይ አዋቂዎች ስለ አንድ ቀን ምግባቸው የሰጡትን መልስ መርምረው፣ ለአሜሪካውያን ኃይልና ንጥረ ነገር አብዛኛውን ድርሻ የሚያበረክቱ ምግቦች የትኞቹ እንደሆኑ አስልተው ነው ያወጡት። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዝርዝሩ ከተመራማሪው ጭንቅላት ሳይሆን ከሕዝቡ ገበታ ወጣ። ነገር ግን ጥንካሬው ራሱ ወሰኑን ያሳየናል። ዝርዝሩ የወጣው በዚያን ጊዜ ከተጠየቁት ሰዎች ገበታ ነው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ፍርፍር፣ በሶ ወይም ቆሎ አዘውትሮ የሚበላ ሰው እንዲህ ባለ ዝርዝር ፊት ሲቀመጥ፣ ምግቡን ከማይመስለው ምግብ ሥር ያስገባዋል፤ አለበለዚያም ባዶ አድርጎ ያልፈዋል።

እዚሁ ኦክላንድ ውስጥ ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ካርዲያ የተባለው የልብ ጤና ጥናት በ1985 እና በ1986 በበርሚንግሃም፣ በቺካጎ፣ በሚኒያፖሊስና በኦክላንድ 5,115 ጥቁርና ነጭ ወጣቶችን መዝግቦ ጀመረ፤ የኦክላንዶቹ ካይዘር ፐርማነንቴ ከተባለው የጤና ድርጅት አባላት የተመለመሉ ነበሩ። ጥናቱ አመጋገብን የጠየቀው በተዘጋ ዝርዝር አልነበረም። ጠያቂው ተጠያቂው ፊት ተቀምጦ ስለ ያለፈው ወር ምግብ በየዘርፉ ያነሣል፤ ሰውየው ከዚያ ዘርፍ እንደሚበላ ከተናገረ፣ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተሠራና ምን ያህል እንደሆነ በራሱ አንደበት እንዲናገር ይደረጋል። ይህ አሠራር ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጠያቂውም መሠልጠን አለበት። ጥቅሙ ግን ግልጽ ነው፤ የጥቁሮችና የነጮች ማዕድ በሚለያይበት አገር፣ ማንኛቸውንም ወደ ሌላው ቅርጽ ሳይጠመዝዝ ይመዘግባል። በእኔ አመለካከት በምርምሩ ዓለም ይህ የኦክላንድ ትምህርት የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም።

አሁን ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። ሰው የበላሁትን ልክ ተናገርኩ ቢል ማን ያረጋግጥለታል? ለዚህ የሚያገለግል የረቀቀ ዘዴ አለ። ሰውየው ዲዩተሪየምና ኦክስጅን 18 የተባሉ፣ ጉዳት የሌላቸውና በላቦራቶሪ የሚለዩ የንጥረ ነገር ዓይነቶች ያሉበት «ምልክት ያለው ውሃ» ይጠጣል። ዲዩተሪየሙ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ሲሆን፣ ኦክስጅኑ ግን በውሃም በምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ለሁለት ሳምንት ያህል ሽንቱ ሲመረመር፣ ሁለቱ በሚጠፉበት ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ሰውነቱ ምን ያህል ኃይል እንዳቃጠለ ይናገራል። ክብደቱ ካልተለወጠ ያቃጠለው ከበላው ጋር እኩል ነው። በ1999 እና በ2000 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በ484 ሰዎች ላይ በዚህ መንገድ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በድግግሞሽ መጠይቅ ወንዶች የበሉትን ኃይል ከ31 እስከ 36 በመቶ፣ ሴቶች ደግሞ ከ34 እስከ 38 በመቶ አሳንሰው ተናገሩ። በሃያ አራት ሰዓት ትውስታ ስህተቱ ይቀንሳል፤ በወንዶች ከ12 እስከ 14፣ በሴቶች ከ16 እስከ 20 በመቶ ነበር።

የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለው ግዙፍ ጥናት 161,808 ሴቶችን በ40 ማዕከላት የመዘገበ ሲሆን፣ ከማዕከላቱ አንዱ በኦክላንድ የካይዘር የምርምር ክፍል ነበር። ከሴቶቹ 544ቱ በዚሁ ምልክት ባለው ውሃና የፕሮቲንን መጠን በሚያሳየው የሽንት ናይትሮጅን ተፈትሸው ውጤቱ በ2008 ሲወጣ፣ መጠይቁ ኃይልን በ32 በመቶ፣ ፕሮቲንን በ15 በመቶ አሳንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። ኃይልና ፕሮቲን እኩል አልተሳሳቱም፤ ይህ ማለት ሰው ሁሉንም ምግብ በእኩል አይቀንስም፣ የሚደብቀውና የሚረሳው አለ። ሁለተኛ፣ ወፍራም የሆኑት ሴቶች ከሌሎቹ ይበልጥ አሳንሰው ተናግረዋል። የባለሱቅ ሚዛን ለሁሉም ደንበኛ እኩል አሥር በመቶ ቢያጎድል ጉድለቱን ደርሰንበት ማረም እንችላለን፤ ለአንዱ አሥር፣ ለሌላው ሠላሳ ካጎደለ ግን ማን ምን ያህል እንደገዛ ማወዳደር ከንቱ ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን አድልዎ አርመው መረጃውን እንደገና ሲያሰሉ፣ ቀድሞ ያልታየ ግንኙነት ታየ፤ ብዙ ኃይል መመገብ ከጡትና ከአንጀት ካንሰር ጋር ተያይዞ ተገኘ። ለዚህም ተቃውሞ አለው፤ ማረሚያው ቀመር የሰውነት ክብደትን ስለሚያስገባ፣ ግንኙነቱ ከምግቡ ይሁን ከውፍረቱ መለየት ያስቸግራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም ያው መረጃ በአንድ አለካክ «ግንኙነት የለም»፣ በሌላ አለካክ «አለ» ማለቱ፣ መለኪያው የጎንዮሽ ጉዳይ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ በየሱቁ የምናየው ነው። በርክሌ በ2014 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ፣ በስኳር በጣፈጡ መጠጦች ላይ በአንድ አውንስ አንድ ሳንቲም ግብር ጣለች፤ ግብሩ በ2015 መጋቢት ወር ሥራ ላይ ዋለ። ኦክላንድ በ2016 ተመሳሳዩን አጽድቃ በ2017 ሐምሌ ጀመረች። የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ገና ግብሩ ሳይደርስባቸው እነሱን እንደ ማነጻጸሪያ ወስደው፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች መንገደኛውን እያስቆሙ ምን ያህል ለስላሳ እንደሚጠጣ ጠየቁ። በበርክሌ በ21 በመቶ ቀነሰ፣ በሁለቱ ከተሞች ግን በ4 በመቶ ጨመረ የሚል ውጤት አገኙ። ሌላ ቡድን ደግሞ ሰው ሳይጠይቅ የሱቆችን የሽያጭ መዝገብ ተመለከተ፤ ግብር በተጣለባቸው መጠጦች ላይ ያገኘው ቅናሽ 9.6 በመቶ ነበር። ሁለቱም «ቀንሷል» ይላሉ፤ መጠኑ ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። አንዱ ውሸት፣ ሌላው እውነት ነው ማለት አልችልም። የመጀመሪያው የጠየቀው የድሃ ሰፈር ነዋሪን ነው፤ ሁለተኛው ከሌላ ከተማ መጥቶ የሚገዛውንም ይቆጥራል፤ የተገዛ ሁሉ አይጠጣም፤ ግብሩ ሲያከራክርበት የከረመ ሰው ደግሞ «ቀንሻለሁ» ማለት ሊቀለው ይችላል። ስለ ግብሩ የሚከራከሩ ወገኖች እያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን ቁጥር ብቻ ይዘው ሲሟገቱ መስማት ያሳዝናል። ሁለቱ መለኪያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው እያንዳንዳቸው የማያዩት የሚታየው።

ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያውያን ማዕድ እንምጣ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። የተለመደው መጠይቅ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰሃን እንዳለው አድርጎ ይጀምራል። እኛ ግን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ሦስት ወይም አራት ሰው በከበበው ትሪ ላይ አንዱ ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል? ወጡ ይጨመራል፣ እንጀራው ይጨመራል፣ ጉርሻው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወጥ የጠጣው የሥሩ እንጀራ ይበላል። «ስንት ኩባያ ምስር በላሽ?» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ገበታ መልስ የለውም። ቀጥሎ የጾሙ ጉዳይ አለ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ ጾሞችና ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ለምእመኑ የዓመቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። «በሳምንት ስንት ጊዜ እንቁላል ትበላለህ?» የተባለ ጾመኛ በፍስኩ አራት፣ በጾሙ ዜሮ ነው፤ ሁለት ብሎ ቢመልስ ያ ሁለት በየትኛውም ሳምንቱ ውስጥ አይገኝም። ስለ ትናንት ብቻ ቢጠየቅ ደግሞ መልሱ እንደ ወሩ ይገለበጣል፤ በሁዳዴ የተጠየቀው ከፋሲካ ማግስት ከተጠየቀው ጋር አንድ ሰው አይመስልም። ሙስሊሙ ወገናችን በረመዳን በምሽትና በሱሑር የሚበላው፣ «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት» ብሎ በተከፋፈለ ቅጽ ላይ ቦታው ይጠፋል። በሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ሆስፒታል የሚያድር ሰውም ቀኑ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር ሊነገረው ይገባል።

ሰውየው የበላውን በትክክል ቢናገር እንኳ የምግቡ ይዘት ራሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ለኢትዮጵያ ምግቦች የመጀመሪያው የይዘት ሠንጠረዥ በስዊድን ትብብር በ1968 ታትሟል፤ ሥራው ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት፣ በተለምዶ አይረን የምንለውን፣ እንውሰድ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ቃለአብ ባዬ በ2014 ባቀረቡት ግምገማ፣ በየጥናቱ በ100 ግራም ጤፍ ተገኘ የተባለው አይረን ከአሥር ሚሊግራም ገደማ ተነሥቶ በቀይ ጤፍ ከ150 ሚሊግራም በላይ ይደርሳል። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሠንጠረዥ ያልበሰለ ጤፍ 7.6 ሚሊግራም ገደማ ነው ያለው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት አፈር ነው፤ ጤፍ አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ደቃቁ ፍሬ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ የአፈሩን አይረን ላቦራቶሪው ይቆጥረዋል፣ ሰውነት ግን በአብዛኛው አይወስደውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ኢትዮጵያውያን ከሚያስፈልገው በላይ አይረን የሚመገቡ ሲመስሉ፣ በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ደም ማነስ ከአይረን እጥረት ብቻ አይመጣም፤ ቢሆንም ሠንጠረዡን ብቻ አይቶ «እጥረት የለም» ማለት አደገኛ እንደሆነ ይታያል። እዚህ ባሕር ማዶ ደግሞ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ላይሆን ይችላል፤ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ሩዝ ይቀላቀልበታል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ በቅጹ ላይ ግን ሁሉም «እንጀራ» ነው፣ ያውም ስሙ ከተገኘ።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎች፣ ሰው በአፉ የሚናገረው ይህን ያህል ከተሳሳተ ለምን ጨርሰን አንተወውም ይላሉ። ምልክት ያለው ውሃ ጠቅላላ ኃይልን ይነግረናል፤ ኃይሉ ከክትፎ ይምጣ ከዳቦ አይነግረንም። የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት የፕሮቲንን፣ የጨውንና የፖታሲየምን ነገር በደንብ ያሳያል፤ ስለ አብዛኛው ንጥረ ነገር ግን ዝም ይላል። ያለ ሰው አንደበት ገበታውን ማየት አይቻልም። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚገኘውን ጥቅም ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ባወጣው ጥናት እናያለን። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚኖሩ 609 ሰዎች ተከፍለው ግማሾቹ ቅባት፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተደረገ፤ ምግባቸውን ቀኑ አስቀድሞ ሳይነገራቸው በሃያ አራት ሰዓት ትውስታ ተጠየቁ፤ የደም ቅባታቸውም ተለካ። አንደበታቸው የተናገረውን ደማቸው በአቅጣጫ ደረጃ ስለደገፈው፣ ከዓመት በኋላ በክብደት መቀነስ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት የለም የሚለው ግኝት ሊታመን ቻለ።

ሌሎች ደግሞ ስልኩ ይፈታዋል ይላሉ፤ ምግቡን ፎቶ አንሡ፣ ኮምፒውተሩ ያሰላዋል። ለሰሃን ምግብ ይረዳ ይሆናል። ካሜራ ግን ሽሮው ውስጥ የገባውን ዘይት፣ ወጡ ውስጥ የቀለጠውን ቅቤ፣ ቡናው ውስጥ የሟሟውን ስኳር አያይም፤ ከትሪው ማን ስንት ጊዜ እንደጎረሰም አይቆጥርም። መሣሪያው የሠለጠነው በማን ምግብ ነው የሚለው ጥያቄም የቀድሞው የዝርዝር ጥያቄ በአዲስ ልብስ ነው። ብሔራዊ የካንሰር ተቋሙ በነጻ የሚያቀርበው የኮምፒውተር የሃያ አራት ሰዓት መጠይቅ ለአሜሪካ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛ የለም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱን መጠይቅ ከሠራን ውጤቱን እርስ በርስ እንዴት እናነጻጽራለን? በእርግጥ ሁሉም የራሱን ሚዛን ይዞ ቢመጣ ገበያው ይፈርሳል። ሆኖም አንድ ቅጽ ለሁሉም ማደሉ ንጽጽርን አይሰጥም፤ የሴቶቹ ጥናት እንዳሳየን ስህተቱ ከቡድን ቡድን የሚለይ ከሆነ፣ ያነጻጸርነው ምግብን ሳይሆን ስህተትን ነው። ማነጻጸሪያው በቅጹ ሳይሆን በሰውነት ማስረጃው ላይ ይቁም፤ የሽንት ሶዲየም በአማርኛም በስፓኒሽም አንድ ነው። መንገዱ እንደሚቻልም እዚሁ ታይቷል። ማሳላ የተባለው የደቡብ እስያውያን የልብ ጥናት ከ2010 እስከ 2013 ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢና ከቺካጎ 906 ሰዎችን መዝግቦ፣ ለደቡብ እስያውያን ምግብ ታስቦ ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ መጠይቅ ተጠቀመ፤ ውጤቱም ከሌሎች ማኅበረሰቦች ጥናት ጋር እየተነጻጸረ ይጠቀሳል። 906 ሰው ብዙ አይደለም። «ኢትዮጵያውያን ጥቂት ናችሁ» የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ አያስኬድም። በ2024 መጋቢት የአሜሪካ መንግሥት የዘር ምዝገባ መመሪያውን ሲያሻሽል፣ በጥቁሮች ዘርፍ ሥር «ኢትዮጵያዊ» ለብቻው ምልክት ከሚደረግባቸው መካከል ገብቷል፤ በየመዝገቡ ተለይተን መቆጠር ከጀመርን፣ የምንበላው አብሮ አለመቆጠሩ ምክንያት አይኖረውም።

ለእኛ ማዕድ የሚሆን መጠይቅ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ ቀኑ የጾም ነው የፍስክ ብሎ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱንም ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ በጾም፣ አንድ ጊዜ በፍስክ ያገኘዋል። ትሪውን ስንት ሰው እንደከበበ፣ ስንት እንጀራ እንደቀረበና ምን ያህል እንደተረፈ ይመዘግባል፤ የወጡን መጠን በኩባያ ሳይሆን በጭልፋ ይቆጥራል። ዘይቱንና ቅቤውን ከበላተኛው ሳይሆን ከሠራው ሰው ይጠይቃል፤ አንድ ጠርሙስ ዘይት ለስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚበቃ ማወቅ ከማንኛውም ግምት ይሻላል። የዱቄቱን ቅልቅል፣ የቡናውን ስኒና ማንኪያ ስኳር፣ ከቡናው ጋር የቀረበውን ቆሎ አይዘልም። ከተጠያቂዎቹም የተወሰኑት የአንድ ቀን ሽንታቸውን ሰጥተው፣ ቢያንስ የጨውና የፕሮቲን መልሳቸው ይፈተሻል።

ይህ መጠይቅ እስኪሠራ ድረስ በሐኪም ቤት ወይም በጥናት ላይ ስለ ምግባችሁ ስትጠየቁ፣ እንጀራን «ዳቦ» ተብሎ እንዲሞላ አትፍቀዱ። «ሌላ» በሚለው መስመር ላይ ስሙን አስጽፉ፤ ከምን ዱቄት እንደተጋገረ፣ በቀን ስንት እንደምትበሉ፣ ከትሪው ከስንት ሰው ጋር እንደበላችሁና የተጠየቃችሁበት ሳምንት ጾም መሆን አለመሆኑን ተናገሩ። ጠያቂው ቦታ የለኝም ካለ፣ በቅጹ ጠርዝ ላይም ቢሆን ይጻፈው።